በጠፍር ታስሮ ደሴ የገባው ሳጥን፦ የአንድ ትራንስአልፕ ጉዳይ

ይህ የአንድ ሞተር ሳይክልና የሁለት ሳጥኖች ጉዳይ ነው። ሞተሩ የኔ ነው፤ ሆንዳ ትራንስአልፕ 650፣ ሁለተኛ እጅ፣ ከአዲስ አበባ ነድቼ ደሴ ያስገባሁት። የመጀመሪያው ሳጥን መንገድ ላይ ተገነጠለ። ሁለተኛው ግን ቆየ። በሁለቱ መካከል ምን እንደተለወጠ ከነኪሎውና ከነሴንቲሜትሩ እነግራችኋለሁ። እኔ በቸገረኝ ጊዜ በአማርኛ የጻፈልኝ ሰው ስላላገኘሁ፣ እንዲህ ያለ ሞተር ገዝቶ ጀርባው ላይ ሳጥን ለማሰር ለሚያስብ ሰው እንዲደርስ ነው የምፈልገው።

ሥራዬ የክሊኒክ መሣሪያ መጠገን ነው። ማይክሮስኮፕ፣ ሴንትሪፊዩጅ፣ የክትባት ፍሪጅ። አንድ ሳምንት ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሌላ ሳምንት ደግሞ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርጌ እስከ ወልዲያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል እሄዳለሁ። መፍቻዎቼን በጀርባ ቦርሳ ይዤ ስነዳ ትከሻዬ ያልቅ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የመለኪያ መሣሪያዬ ይረጥባል። ቅዳሜና እሁድ ባለቤቴ ከኋላ ትቀመጣለች፤ ያኔ የጀርባ ቦርሳ የሚባል ነገር አይታሰብም።

ስለዚህ የኋላ ሳጥን ፈለግሁ፣ ያውም ተነቃይ። ክሊኒክ ስደርስ በቁልፍ አላቅቄ እንደ ሻንጣ ይዤው እገባለሁ። ማታ አልጋ የያዝኩበት ቦታ ክፍሌ ውስጥ አስገባዋለሁ። በማልፈልገው ቀን ቤት ይቀመጣል። የጎን ሳጥን ለምን አልገዛህም የሚሉኝ አሉ፤ ልክ ናቸው፣ ክብደቱ ዝቅ ስለሚል ለሞተሩ ሚዛን የጎኑ ይሻላል። ግን ደሴ ፒያሳ ላይ በባጃጅና በሰው መሀል ሞተሩን ሁለት ክንድ አስፍቼ መግባት አልፈለግሁም።

የመጀመሪያውን ሳጥን በ2011 መጀመሪያ ላይ ገዛሁ። ስም የሌለው ጥቁር ፕላስቲክ ነበር። ለማንኛውም ሞተር ይሆናል የተባለ ማረፊያ ሳህን፣ ማለትም ሳጥኑ የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ፣ አብሮት መጣ። ሳጥኑ ሰፊ ስለነበር ከባለቤቴ ጀርባ ጋር እንዳይጋጭ ወደ ኋላ መገፋት ነበረበት። ከሞተሩ ጋር ከፋብሪካ ከመጣው የኋላ መያዣ ላይ በቀጭን ቱቦላሬ የተሠራ ፖርቶመጋላ (የዕቃ መጫኛ) አስበየድኩ። ብየዳው ሲያዩት ያምራል። ቀለም ተቀባ፣ ሳጥኑ ወጣ፣ ታሰረ። ሁሉም በአንድ ከሰዓት አለቀ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ነዳሁ።

ምልክቱ ቶሎ ነው የጀመረው፤ እኔ ግን አላነበብኩትም። ማታ ስነዳ የፊት መብራቱ ከመንገዱ ይልቅ የዛፍ ጫፍ ያበራ ነበር። ከኮምቦልቻ ወጥቼ ሜዳው ላይ 90 ስደርስ መሪው እጄ ላይ ቀስ ብሎ ግራ ቀኝ ይላል። ጎማ ነው ብዬ ንፋስ ጨመርኩ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ስወጣ ኩርባው ላይ ጋዝ ስሰጥ ፊቱ ቅልል ይለኝ ነበር፤ እሱን ደግሞ የሞተሩ ጉልበት ነው ብዬ አለፍኩት።

አራት ወር አካባቢ እንዲህ ሄድኩ። አንድ ቀን ከወልዲያ ስመለስ፣ ውርጌሳን አልፌ ወደ ውጫሌ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ አስፋልቱ የተቦረቦረ ቦታ ስመታ ከኋላዬ ቋ አለ። ቆሜ ዞር ስል ሳጥኑ ወደ ኋላ ተጋድሞ ስቶፕ መብራቱን ተደግፏል። የፖርቶመጋላው አንዱ እግር ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል፤ ሌላውም ግማሽ ድረስ ተሰንጥቋል። ከኋላዬ አይሱዙ ይመጣ ነበር። ሳጥኑ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ያ ሹፌር ምን ያደርግ ነበር የሚለው ዛሬም ሳስበው ሆዴን ይረብሸኛል።

ማሳ ዳር የነበሩ አንድ አባት በሬዎቻቸውን አቁመው መጡ። እኔ ገመድ ስፈልግ እሳቸው ከትከሻቸው የቆዳ ጠፍር አወረዱ።

«አብሽር ልጄ፣ ይሄ በሬ የሚይዝ ጠፍር ነው፤ ያንተን ሳጥን አይለቅም።»

ሳጥኑን ወደ መቀመጫው ስበው፣ ጠፍሩን ሦስት ዙር አዙረው እንደ ሞፈር ጠፈሩልኝ። እውነትም ደሴ ድረስ ንቅንቅ አላለም። በሚቀጥለው ሳምንት ጠፍሩን ስመልስ አንድ ኪሎ ቡና ይዤ ሄድኩ፤ ተቆጥተው ነው የተቀበሉኝ።

የተሰበረውን ፖርቶመጋላ ኮምቦልቻ ወዳለ አንድ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ባለቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ብረት ሲያዩ የሚያነቡ ሰው ናቸው። የተበጠሰውን ጫፍ በነዳጅ አጥበው ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ጋሼ፣ ብየዳው ነው አይደል የለቀቀው?» አልኳቸው።

«ብየዳውማ አልለቀቀም። ተመልከት እስቲ፣ ይሄ ቡናማው የቆየ ስንጥቅ ነው፤ ዝገት ገብቶበታል። የሚያበራው ብቻ ነው የዛሬው። ይሄ ብረት ካንተ ጋር ሲሰነጠቅ ነው የከረመው።»

የተሰበረው ከብየዳው ጎን፣ እሳቱ የነካው ቱቦ ላይ ነበር። ቀጭን ቱቦ ሲበየድ ደካማው ቦታ እዚያው ጠርዝ ላይ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ከባድ ምት አያስፈልገውም፣ በየጉድጓዱ ትንሽ ትንሽ እየታጠፈ ይሰነጠቃል። «ወፍራም አድርጌ ላስበይደው?» ስላቸው ግን እንዳሰብኩት አልመለሱልኝም። መጀመሪያ ስንት ኪሎ እንደጫንኩና ከጎማው መሀል ስንት ሴንቲ እንደራቀ ለክተህ ና አሉኝ። ጉዳዩ የተፈታው እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ የማስበው ስለ ሳጥን ብቻ ነበር።

ለካሁ። ሳጥኑ ባዶውን 4 ኪሎ፣ ውስጡ ያለው 14 ኪሎ፣ በድምሩ 18። የሳጥኑ መሀል ከኋላ ጎማ እምብርት 45 ሴንቲ ወደ ኋላ ወጥቷል። በሁለቱ ጎማዎች እምብርት መካከል 1 ሜትር ተኩል ያህል አለ። ከዚህ በኋላ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ነው። የኋላው ጎማ እንደ መደገፊያ ነው፤ ከሱ በስተኋላ የጫንከው ሁሉ የፊቱን ጎማ ወደ ላይ ያነሣል። 18 በ45 ተባዝቶ ለ150 ሲካፈል 5.4 ኪሎ ይሆናል። ያን ያህል ክብደት ከፊት ጎማዬ ላይ አንሥቼ ነበር ማለት ነው። የኋላው ጎማ ደግሞ 18 ሳይሆን 23.4 ኪሎ ይሸከማል።

ወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር ክሊኒክ ውስጥ የሰው መመዘኛ ሚዛን ለምኜ የፊት ጎማውን አወጣሁበት። ሞተሩ ጠፍጣፋ እንዲቆም የኋላውን ጎማ በሚዛኑ ቁመት ልክ ጣውላ ላይ አደረግሁት። ሳጥኑን በገመድ መልሼ አስሬ አንዴ፣ አውርጄ አንዴ መዘንኩ። ልዩነቱ 5 ኪሎ ወጣ። ሰማይ የሚያየው መብራትም፣ 90 ላይ የሚወዛወዘው መሪም፣ ዳገት ላይ የሚቀልለው ፊትም ምንጫቸው አንድ ነበር። ይህ ደግሞ ሞተሩ ቆሞ ነው። ጉድጓድ ሲመታ ያ 18 ኪሎ ለቅጽበት ሁለትና ሦስት እጥፍ ሆኖ ነው ብረቱን የሚጎትተው።

እንግዲህ ምርጫውን ከሌላኛው ጫፍ ጀመርኩት። መጀመሪያ ሞተሩ ስንት ይችላል? እዚህ ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ። ሳጥኑ የሚፈቅደው አንድ፣ ማረፊያ ሳህኑ የሚፈቅደው ሁለት፣ የሞተሩ ጭራና መያዣው የሚፈቅደው ሦስት። የሚሠራው ከሦስቱ ትንሹ ነው። ትልልቅ ሳጥኖች ላይ ብዙ ጊዜ የምታዩት 10 ኪሎ የሳጥኑ ነው፤ የሞተሩ መመሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ይላል። እኔ ለራሴ ውስጡ ከ8 ኪሎ እንዳይበልጥ ወሰንኩ።

ከዚያ ከሱቅ ካርቶን አመጣሁ። ቆርጬ በሳጥን ልክ አጣጠፍኩት፤ መፍቻዎቼን፣ መለኪያውን፣ የዝናብ ልብሱን፣ ሁለቱን ሄልሜት እያስገባሁ እያወጣሁ አንድ ምሽት ፈጀሁ። ለአንድ ሙሉ ሄልሜት 30 ሊትር አካባቢ ይበቃል። ለሁለት ከ45 በላይ ያስፈልጋል። ከ50 በላይ ያሉትም አሉ፤ እነሱ ላይ ግን አስቀድሜ በሩን ዘጋሁ፤ ቦታ ካለ ይሞላል፣ በተለይ ወልዲያ ገበያ ቀን ከሆነ። ካርቶኑን መቀመጫው ላይ አስሬ ባለቤቴን አስቀመጥኳት። «ጀርባዬን እየገፋኝ ነው» አለች፤ አምስት ሴንቲ ቀነስን። «አሁን ተደገፍኩበት» አለች። ያቺ ልክ ጸደቀች። ሞተር ላይ ለሁለት የምትሄዱ ሰዎች ይህን ሳታደርጉ ሳጥን አትግዙ፤ ብሩ ከወጣ በኋላ የሚነግራችሁ ሰው አይገኝም።

ፕላስቲክ ወይስ አሉሚኒየም? የአሉሚኒየሙን መልክ እወደዋለሁ። ቢጎደጉድ የትኛውም ላሜራ ቤት ቀጥቅጦ ያስተካክለዋል፤ ይህ ለኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ባዶውን ከፕላስቲኩ ይከብዳል፣ እኔ ደግሞ አንዲት ኪሎ የማባክንበት ቦታ አልነበረኝም። ፕላስቲኩን መረጥኩ።

እህቴ ጣሊያን ትኖራለች። ለገና ስትመጣ 46 ሊትር የሆነ የጂቪ ሳጥን፣ ውስጡን በልብስ ሞልታ፣ እንደ ሻንጣ አስመዝግባ አመጣችልኝ። ጂቪ ጁዜፔ ቪሴንዚ የተባለ የቀድሞ የሞተር ተወዳዳሪ በ1978 እንደ ፈረንጆቹ በብሬሻ አካባቢ ያቋቋመው ነው፤ ስሙም ከሱ ስም መጀመሪያ የተወሰደ ነው። ውድድር የነዳ ሰው ሳጥን መሥራቱ ደስ ይለኛል። ይህን ስም የምጠራው ግን ለማስታወቂያ አይደለም፤ አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ስላለ ነው። የዚህ ድርጅት ሳጥኖች ሁለት ዓይነት አያያዝ አላቸው። ሞኖሎክ የሚባለው ለቀላሎቹ ነው፤ ማረፊያ ሳህኑ አብዛኛውን ጊዜ ከሳጥኑ ጋር ይመጣል። ሞኖኪ የሚባለው ለትልልቆቹ ነው፤ ሳህኑ ለብቻው ይገዛል። አንዱ በሌላው ሳህን ላይ አይቀመጥም። ሳጥኑን ብቻ ገዝቶ ሳህኑን የረሳ ሰው ደሴ ውስጥ ተቀያሪ አያገኝም። ለእህቴ ሁለቱንም በፎቶ አስረግጬ ነው የላክሁላት።

አሁን መግጠም። የድሮውን ቱቦላሬ ቆርጠን ጣልነው። ጋሼ ከ4 ሚሊ ብረት አንድ ወጥ ጠፍጣፋ ቆረጡልኝ፤ ከፋብሪካው መያዣ ጋር በቡሎን የሚታሰር፣ ምንም ብየዳ የሌለበት። የቀዳዳዎቹን ቦታ ግን ከመብሳታችን በፊት ረዥም ሰዓት ወስደንበታል። ከታርጋው መሀል እስከ መቀመጫው መሀል ክር ወጥረን መሀሉን አገኘን፤ ሳህኑ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ሳጥኑ ሙሉ ዕድሜውን ጠማማ ነው። ቀጥሎ ሳህኑን ባለቤቴ ከፈቀደችው ልክ እስኪደርስ ወደ ፊት ገፋነው። ሳጥኑን አስቀምጠን ክዳኑን ከፈትን፣ ዘጋን፣ በቁልፍ አላቀቅን። ሳጥኑ ሲላቀቅ ወደ ላይ ቀና ብሎ ነው የሚወጣው፤ መቀመጫው ቢያግደው ኖሮ ከታሰረ በኋላ ነበር የምናውቀው። ያኔ ብቻ ነጥብ ምልክት አድርገን በትራፓኖ በሳን። የቀዳዳውን ጠርዝ በሞረድ አለሰለስን፣ ዝገት እንዳይገባ ቀለም ቀባን፣ አደረ።

በማግስቱ ቡሎኖቹን በእጅ ብቻ አስገባን። ከሥር ሰፋፊ ራንደላ (ክብ ቀለበት)፣ ከዚያ እንዳይፈታ ውስጡ ናይሎን ያለው ዳዶ። እዚህ ላይ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ቡሎን እንዳይፈታ የሚቀባው ፈሳሽ ሙጫ ለብረት ጥሩ ነው፤ ለብዙ ፕላስቲክ ግን ጠላት ነው፤ የተወጠረ ፕላስቲክ ሲነካ ያሰነጥቀዋል። የኔ ማረፊያ ሳህን ፕላስቲክ ስለሆነ ናይሎን ዳዶ ብቻ ተጠቀምን። ማጥበቁንም በመስቀለኛ አደረግነው፣ አንዱን ጥግ ትንሽ፣ ከዚያ ተቃራኒውን ትንሽ። ባለ 6 ሚሊ ቡሎን 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃዋል፣ አጭር ኪያቤ ይዞ በእጅ አንጓ የሚጠብቀው ያህል ማለት ነው። በረዥም ኪያቤ መጎተት ፕላስቲኩን ይጨፈልቀዋል።

አዲሱ ሳጥን ባዶውን 4 ኪሎ ተኩል ነው። ከ8ቱ ጋር 12.5። መሀሉ ከጎማው እምብርት 20 ሴንቲ ብቻ ነው የራቀው። ስናሰላው ከፊት የሚነሣው 1.7 ኪሎ አካባቢ ሆነ፣ በፊት 5.4 የነበረው። የተረፈው 6 ኪሎ የት ሄደ ትሉኛላችሁ። ከባድ ከባዱን መፍቻና የጎማ ብረት ሸራ ሰፊ በሰፋልኝ ኪስ አድርጌ በግራ ጎን፣ ከኋላ እግር ማሳረፊያው በላይ አሰርኩት። በቀኝ የጭስ ማውጫው ስላለ ሸራው ይቃጠል ነበር። የቀረውን ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቤት አስቀመጥኩት፤ ለአራት ወር ስሸከመው አንዴም አውጥቼው የማላውቀው መለዋወጫ ነበር።

የመጀመሪያውን ሙከራ ባዶውን በሐረጎ ወርጄ ወጣሁ። ከደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ የሚወርድ መንገድ ነው፤ ኩርባው አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል፣ ለመፈተኛ ከሱ የተሻለ አላውቅም። ከዚያ በሙሉ ጭነት። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ቡሎኖቹን ሳያቸው ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ለቀቅ ብለው ነበር፤ ፕላስቲኩ ስለተጨመቀ ነው። አጠበቅኳቸው፣ ከዚያ ወዲህ በየወሩ አያለሁ። ለጭነቱ የኋላውን ሞላ ትንሽ አጠነከርኩት፣ የጎማውን ንፋስም ለሁለት ሰው በተጻፈው ልክ ሞላሁ፤ መብራቱ ወደ መንገዱ ተመለሰ። መሪውም እጄ ላይ ጸጥ አለ። ሳጥን ላሰረ ሰው አምራቾቹ ከ120 በላይ አትንዳ ይላሉ፤ እኔ በኛ መንገድ ከ90 የምወጣበት ምክንያት የለኝም።

ያልተስተካከሉም ነበሩ። ኮረኮንች ላይ ሳጥኑ ሳህኑ ላይ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀጭን ቆርጬ ከሥሩ አጣበቅሁና ቆመ። በክረምት ዝናቡ አልገባም፣ በበጋ ግን የመርሳ አቧራ በክዳኑ ጎማ ጠርዝ ይሰርጋል፤ መለኪያውን አሁንም በፌስታል እጠቀልላለሁ። የቁልፉ ቀዳዳ አቧራ ሲይዘው ዘይት አላስገባሁም፣ ዘይት አቧራውን ያቦካዋል። የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ነፋሁበት። ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝ ግን እግር ነው። ከኋላ ሳጥን ሲኖር እግርን በኋላ አዙሮ መውጣት አይቻልም፤ ባለቤቴ በእግር ማሳረፊያው ላይ ቆማ፣ ትከሻዬን ይዛ፣ እኔ ሁለት እግሬን መሬት ተክዬ ፍሬን ስይዝ ነው የምትወጣው። ይህን ግቢ ውስጥ ደጋግመን ተለማመድነው። ከመንገድ ላይ ውድቀት ግቢ ውስጥ መሳቅ ይሻላል።

ባለፈው ሰኞ ባቲ ገበያ ሄድን። ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ የዝናብ ልብስና የመፍቻ ጥቅል ብቻ ነበር፣ 3 ኪሎ። ባለቤቴ ገበያ ውስጥ ጀበና መረጠች፣ በነጠላዋ ጠቀለለችው። ከዚያ ማር ጋ ቆመች። ሻጩ ሚዛኑን ሲያነሣ ዞር ብላ «ከስምንቱ ስንት ቀረኝ?» አለችኝ። ጀበናውን በእጄ መዘን አድርጌ ሦስት አልኳት። «እንግዲያው ሦስት ኪሎ አድርግልኝ» አለችው፤ ማር ለመግዛት ኪሎ ምን አስቆጠራት ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ሰውየው ሁለታችንንም እያፈራረቀ አየን።